ስለ ግቢው ማስፈራሪያ የወጣ አዋጅ

በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከደጃፋችን ደረጃ እስከ ፖስታ ሣጥኑ ድረስ በምትዘረጋው ርስታችን ላይ የምናዝ እኛ፣ የቤቱ አባወራና የባንኩ ባለዕዳ፣ በዚህ ጣራ ሥር ለምታድሩ ሁሉ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የአየርላንድ ስደተኞች ይዘውት የመጡት፣ በምዕራባውያን ዘንድ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ የሆነው ሃሎዊን፣ ኦክቶበር 31 ቀን ሕፃናት ጭንብል አጥልቀው ከደጅ ደጅ ከረሜላ የሚለምኑበት ምሽት ስለ ሆነ፤ ሆም ዲፖ የተባለውም መደብር እ.ኤ.አ. በ2020 ቁመቱ 12 ጫማ የሆነ የላስቲክ ዐፅም በ299 ዶላር ለገበያ አውጥቶ የጎረቤቶቻችንን ልብ ስለ ማረከ፤ ልጆቻችንም ያው ይገዛልን ሲሉ በእንባ የታጀበ አቤቱታ ስላቀረቡ፣ ግምጃ ቤታችን ግን ይህን የማይችል በመሆኑ፣ በእጅ የተሠራ ምስል በግቢያችን እንዲቆም ፈቅደናል።

የበኵር ልጃችን አከርካሪውንና ትከሻውን ከፒቪሲ ቧንቧ ቆርጦ ይገጥማል፤ እግሮቹም በመሬት ውስጥ ጠልቆ በተመታ ፌሮ ላይ ይሰካሉ፤ ያለ ፌሮ የቆመ ማስፈራሪያ ሌሊት ነፋስ ጥሎት በጎረቤት መኪና ላይ ተደፍቶ ቢያድር፣ የሚፈራው ጎረቤት ሳይሆን እኛ ነንና። ደረቱ በሽቦ ወንፊት ይቀረጽ፣ ሆዱም በአሮጌ ጋዜጣ ይሞላ።

መጎናጸፊያውን በተመለከተ፣ አምስት እጅ ስቱኮ ከአንድ እጅ የውሃ ቀለም ጋር ተበጥብጦ፣ ጆንያ በዚሁ ተነክሮ በምስሉ ላይ ይጣል፤ እጥፋቱም ገና ርጥብ ሳለ በጣት ይስተካከል፤ ሲደርቅ ጠጥሮ፣ መቃብሩን ፈንቅሎ የወጣ በድን ይመስላልና። ስቱኮ ዝናብ ስለማይወድ የውጭ ቀለም ይደረብበት። የወላጅ እናታችን ነጠላ ለመግነዝነት ይዋል ተብሎ በታናሺቱ ልጃችን የቀረበው ሐሳብ ግን ከነመነሻው ተሽሯል።

እናታችን ነገሩን በሰሙ ጊዜ «ሰው ከሰይጣን ይሸሻል እንጂ ደጁ ላይ ያቆመዋል?» ብለው አማትበዋል፤ ነቀፌታቸውም እውነት አለው፤ ቀኑ ዘንድሮ ጥቅምት 21፣ በዘመነ ጽጌ መካከል የማርያም ዕለት ነውና። ስለዚህ ምስሉ ቀንድና ጅራት እንዳይኖረው፣ ፊቱም ወደ መንገዱ እንጂ ወደ እናታችን መስኮት እንዳይዞር ወስነናል። ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም ስለ ሆነ፣ የወተት ቸኮሌቱ ጉዳይ ለየኅሊናችሁ ተትቷል፤ ለእኛም ኅሊና እንደዚሁ።

ለዓይኖቹ በባትሪ የሚበራ አምፖል እንጂ ሻማ አይፈቀድም፤ ጋዜጣ የጠገበ ሆድ እሳት ሲነካው የሚሆነውን በአዋጅ መተንተን አያስፈልግም።

ይህ አዋጅ በማቀዝቀዣው በር ላይ ከተለጠፈበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ባለ 12 ጫማ ጎረቤቶቻችን ሆይ፣ የእኛ ቁመቱ ስድስት ብቻ ነውና በርኅራኄ ተመልከቱልን፤ ሕፃን ከደነገጠበትም ደጃችንን አንኳኩ፣ መብራቱን እናጠፋለን።