ጀግና በሚዛን፦ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የቀረበ ጥናት

የጥናቱ መነሻ። ነፋስ መውጫም ይሁን ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ፣ ጠላ ቤት ውስጥ የአጼ ቴዎድሮስ ነገር ሲነሳ «መጨረሻው ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተራኪው አንዲት ነገር ከዘለለ ግን ከየማዕዘኑ ይታረማል። መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ለምን እንደ አዲስ እንደሚጥም ማጥናት ለአገር ያለው ጥቅም ግልጽ ስለሆነ እዚህ አልተብራራም።

የጥናቱ መሣሪያ። ሎርድ ራግላን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ የጀግኖችን ሕይወት በ22 ነጥብ መዝኗል። ሰውየው በዝምድናም ብቁ ነው። ቅድመ አያቱ በክሪሚያ ጦርነት ሴባስቶፖልን የከበበውን የእንግሊዝ ጦር መርተዋል፤ ስሙን ከዚያች ከተማ የወሰደው የእኛው የቴዎድሮስ መድፍ ደግሞ ጋፋት ተሠርቶ፣ በጋይንት አድርጎ፣ ጨጨሆን ወጥቶ መቅደላ ገብቷል።

ግኝት አንድ። ጀግና ከንጉሥ ዘር መወለድ አለበት። የቴዎድሮስ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚለው ስድብ ነጥብ ያስጥላል ተብሎ ተሰግቶ ነበር። አድማጭ ግን እናትየውን ኮሶ ያሸጣል፣ የልጁን ዘር ከሰሎሞን ያስቆጥራል፣ ሁለቱንም አምኖ ይጠጣል። ጀግናው ድሃ ካልሆነ እኛን አይመስልም፤ ባለዘር ካልሆነ ደግሞ እኛ ልንመስለው አንፈልግም።

ግኝት ሁለት። በልጅነቱ ከሞት ያመልጣል፤ ቴዎድሮስ ገና ካሳ ሲባል የሚማርበት ገዳም ሲወረር አምልጧል። ገዢውን ድል ይነሳል፤ ራስ አሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ተሸነፉ። የመስፍን ልጅ ያገባል፤ ተዋበች የእኚሁ የራስ አሊ ልጅ ናቸው። ይነግሣል፤ 1847 ዓ.ም.። ሕዝቡ ይጠላዋል። ተራራ ላይ ይሞታል፤ መቅደላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.። ልጁ አይወርሰውም፤ አለማየሁ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ። ለኤዲፐስና ለሮሙለስ የተሰፋው እጀ ጠባብ ለቋራው ልጅ ልክ ሆኖ ተገኝቷል።

ግኝት ሦስት። ቴዎድሮስ የተባለ ንጉሥ እንደሚመጣ በፍካሬ ኢየሱስ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ካሳ ደረስጌ ላይ ሲነግሥ ስሙን ከትንቢቱ ወሰደ። ስለዚህ የተለመደውን ታሪክ የወደደው አድማጩ ብቻ አይደለም፤ ባለታሪኩ ራሱ አስቀድሞ ሰምቶት ነው የገባበት።

ያልተገኘ ነገር። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ በየዳገቱ የጎተተውም፣ መንገዱን የደለደለውም፣ ጎተራው የተራቆተበት የበጌምድር ገበሬም ከ22ቱ ነጥቦች በአንዱም ስሙ የለም። ምናልባት «ሕዝቡ ይጠላዋል» በሚለው ውስጥ ተጠቃሎ ይሆናል። በጠላ ቤቱም አያቱ ከቴዎድሮስ ጋር የዘመተ ሰው ሞልቷል፤ አያቱ እህሉን የተበላ ግን እስካሁን ብድግ ብሎ አልፎከረም።

መደምደሚያ። የጀግና ታሪክ የሚጥመው አድማጩን ያለ ወጪ ከጀግናው ጎን ስለሚያሰልፈው ነው። ወጪውን የሚችለው ታሪኩ ውስጥ ስም ያልወጣለት ሰው ነው። ስለሆነም 23ኛ ነጥብ እንዲጨመር ይጠየቃል፦ «ሠራዊቱን ማን አበላው?» አንባቢ ጥያቄውን በሚቀጥለው ማኅበር ቢያነሳው መልካም ነው፤ ግን ድርሻውን ከጠጣ በኋላ ይሁን።