የቆመች መኪና ባትሪ ማን ይበላዋል? ከአቃቂ በሰቃ የተገኘ ማስረጃ

አገራችን ከውሃ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በአቃቂ ወንዝ ነው። በ1904 ዓ.ም. ገደማ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ፣ በወንዙ ላይ የተተከለች አነስተኛ ማመንጫ ለአዲስ አበባ ጥቂት ፋብሪካዎች ኃይል ትሰጥ ነበር። ኋላም በዚሁ ወንዝ ላይ፣ ዝቅ ብሎ፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አባ ሳሙኤል ተሠራ። ይህን ያህል የኤሌክትሪክ ታሪክ ባለው ምድር ዓርብ ማታ በደህና የቆመች ኮሮላ ሰኞ ጠዋት 12 ቮልት አጥታ ከተገኘች፣ ነገሩ ጥናት እንደሚያሻው አያከራክርም። አባ ሳሙኤል ራሱ በደለልና በእንቦጭ ታንቆ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ፣ ቆይቶ በቻይናውያን እገዛ ነው የተነሣው። ይህን የጠቀስነው ቆሞ መድከም ለአካባቢው አዲስ እንዳልሆነ ለማሳየት ያህል ነው፤ በግድቡና በኮሮላዋ መካከል የሽቦ ግንኙነት አልተገኘም።

የክስተቱ መገለጫ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ባለ መኪናው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቁልፉን ያዞራል። ሞቶሪኖው አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ጸጥ ይላል፤ የዳሽቦርዱ መብራቶች ይደበዝዛሉ። ባለ መኪናው ቁልፉን ይመልስና ትንሽ ታግሦ አሁን በቀስታ ያዞረዋል፤ መኪናዋ በፊት ሳትነሣ የቀረችው በእሱ ችኮላ ይመስል። ከዚያ ወርዶ ኮፈኑን ይከፍታል። ኮፈን ከፍቶ ማየት ምንም ዓይነት ኤሌክትሪክ እንደማያመነጭ በምልከታችን አረጋግጠናል፤ ሳይከፍት ወደ ታክሲ የሄደ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመንም።

ኮፈን በተከፈተ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጉባኤ ይቆማል። የጉባኤው ሥርዓት ለትርጓሜ ቤት ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ንባቡ «ማታ ደህና ነበረች» የሚለው የባለ መኪናው ቃል ነው፤ ትርጓሜው እንዲህ ይወርዳል። ማታ ደህና ነበረች፦ መብራት ሳታጠፋ ገብተህ ነው። አንድም፦ ልጆቹ የኋላውን ኮፈን በደንብ ሳይገጥሙት አድሮ ነው። አንድም፦ ዘበኛው ሌሊቱን ሬዲዮ ሲሰማባት ነው ያደረው። አንድም፦ የሸጠልህ ሰውዬ ያውቅ ነበር። አንድም፦ ዓይን ነው፤ ቅዳሜ ዕለት አሳጥበህ በር ላይ አላቆምካትም?

ሐተታ። የሬዲዮው ትርጓሜ ብዙ ተከታይ ስላለው በዝርዝር መርምረነዋል። ዘበኛው የመኪናዋ ቁልፍ የለውም፤ በሯ አልተከፈተም፤ ሬዲዮ መስማቱ እውነት ቢሆንም የሚሰማው በራሱ ሬዲዮ ነው፤ በሁለት ድንጋይ የምትሠራ፣ ማታ ማታ ከአንገቱ የማትወርድ ናት። ሲጠየቅ «ኧረ በእመቤቴ ጋሼ፣ እኔ ዞር ብዬም አላየኋት!» ይላል። ይህ መልሱ ጥርጣሬውን አባባሰው። ለመጠበቅ የተቀጠረ ሰው እንዴት ዞር ብሎ አያይም?

ከትርጓሜው ወደ መፍትሔው ሲታለፍ መልክዓ ምድር ይገባበታል። ሽሮ ሜዳና እንጦጦ ግርጌ የሚኖር ሰው መኪናውን አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ያቆማታል። ጠዋት የእጅ ፍሬኑን ይፈታል፤ ስትንደረደር ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፤ ወደ ሥራው ይወርዳል። እንዲህ ያለው ሰው ባትሪው መሞቱን ሳይሰማ ሊከርም ይችላል። አቃቂ ግን ሜዳ ነው። ለባቡር የተመቸው ይህ ሜዳ ለደከመ ባትሪ ርኅራኄ የለውም፤ ቁልቁለቱን ሰው በጉልበቱ መተካት አለበት። ስለዚህ መግፋት የአቃቂ ሰው ሙያ ሆነ፤ ከፋብሪካ ፈረቃ የሚመለሰውም፣ ዳቦ ሊገዛ የወጣውም፣ የማንም ዘመድ ያልሆነውም ይገፋል።

ችግሩ ዛሬ ከሚገፉት መኪኖች ብዙዎቹ አውቶማቲክ መሆናቸው ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የሚገፋው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ስለሆነ፣ ጎማ በመግፋት ሞተሩን ማዞር አይቻልም። አውቶማቲክ ቪትዝ እስከ ቱሉ ዲምቱ ብትገፋ ቱሉ ዲምቱ ትደርሳለች እንጂ አትነሣም። ይህን የሚያውቅ ሰው በጉባኤው መካከል አይጠፋም፤ የሚናገረው ግን መኪናዋ አስፋልቱ ዳር ከደረሰች በኋላ ነው። ከዚያ ሁሉም ተባብሮ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። አውቶማቲክ መግፋት ትርፉ ትውውቅ ነው ብለን መዝግበናል።

አሁን ወደ ተበዳዩ እንምጣ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1859 ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ እርሳስና አሲድ አገናኝቶ ተመልሶ የሚሞላ ባትሪ ሠራ። በኮፈናችን ሥር ያለው ዛሬም የዚያው ዘር ነው፤ ስድስት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ ከ2 ቮልት ትንሽ ከፍ የሚል። ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ሲሆን ግማሹ ሄዷል፤ ወደ 11.9 ሲወርድ ባዶ ነው። ቴስተር ላይ «12» አይቶ «አለው አለው» የሚል ሰው ከባዶ ሳጥን አጠገብ እንደቆመ ይወቅ።

የቆመች መኪና ጨርሳ አትተኛም። ሰዓቷ ይቆጥራል፣ ሬዲዮዋ ጣቢያ ያስታውሳል፣ ኮምፒውተሯ የሚያስታውሰው አለው። ለዚህ ሁሉ እስከ 50 ሚሊ አምፔር ድረስ ብትጠጣ ማንም አይከሳትም፤ በዚህ አጠጣጥ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ባዶ እስኪሆን ከ37 ቀን በላይ ይወስዳል። ነገር ግን የኋላው ኮፈን ውስጥ የተረሳች የ5 ዋት አምፖል ብቻዋን ወደ 0.4 አምፔር ትወስዳለች። ከዓርብ ማታ 12 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት 60 ሰዓት ነው፤ በዚህ ጊዜ ከባትሪው ግማሽ የሚበልጠውን ጨርሳዋለች ማለት ነው። ያውም ኮፈኑ ተዘግቶ ስለሆነ መብራቷን ማንም አላየላትም። በዚህ ላይ የጥር ጠዋት ብርድ አለ። ብርድ ባትሪን ያሰንፋል፣ የሞተር ዘይትን ያወፍራል፤ ሞቶሪኖው ብዙ በሚፈልግበት ሰዓት ባትሪው ጥቂት ይሰጠዋል። ከተራ፣ ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ ተከታትለው፣ እሑድም ከተጨመረበት መኪና ሳትንቀሳቀስ የምትከርምበት ወቅትም ይኸው ጥር ነው። ታቦቱ ሲመለስ በየግቢው «ቀጭ» የሚለው ድምፅ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

ዱሮ ንብረት ሲጠፋ ሌባ ሻይ ይጠራ ነበር። መድኃኒት የጠጣ ልጅ ወገቡን ታስሮ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ልማዱ ቀርቷል ይባላል፤ እኛ ግን ባትሪ መሸጫው አካባቢ በሕይወት አግኝተነዋል። ልጁ ይመጣል፤ ሁለቱን ምሰሶ በሽቦ ያነካካል፤ የፍንጣሪውን መጠን በዓይኑ ይለካል፤ ጣቱን ባትሪው ላይ ያሳርፋል። «ጋሼ፣ ይሄ አልቆለታል።» ጋሼ ይከፍላሉ። አሮጌው ባትሪ ለእርሳሱ ሲባል ከዋጋው ትንሽ ያስቀንሳል፣ አዲሱ ይገባል፣ መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሣለች፤ ጉዳዩ ተዘጋ። የጥንቱ ሌባ ሻይ ንጹሕ ሰው ይወነጅል እንደነበር ታሪክ ይነግረናል። የተሰረቀውን ሰው ራሱን ሌባ ብሎ ከቤቱ ማስወጣት ግን የእኛ ዘመን ግኝት ነው።

የሚያስከፋው አዲሱ ባትሪ ለጊዜው ፍርዱን ትክክል ማስመሰሉ ነው። አዲስ ባትሪ የሁለት ሌሊት ሌብነት ይችላል። ሌባው ግን እዚያው ነው፤ አሁንማ የተሻለ ቀለብ ተቆርጦለታል። እየተራቆተ የሚሞላ፣ እየተሞላ የሚራቆት ባትሪ በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ የሰልፌት ድንጋይ ያበቅላል፤ የሚይዘውም በየጊዜው ያንሳል። እናም ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ጣቱን ያሳረፈበት ባትሪ እውነትም አልቆለታል። ሌባ ሻይ እንዲህ ትንቢቱን ራሱ እየፈጸመ ዓመታት ይገፋል።

ሁለተኛው የአባቶች ዘዴ አውጫጭኝ ነው። የአገሩን ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ሌባው እስኪታወቅ ማንም እንዳይሄድ ማድረግ። በመኪና ላይ አውጫጭኝ የሚያስቀምጥ ሰው ያገኘነው አንድ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከመለዋወጫ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ፣ ቴስተራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሚያኖሩ አባት። የቴስተሩን ገመድ 10 አምፔር በሚለው ቀዳዳ ሰኩ፤ የኮሮላዋን ባትሪ ኔጋቲቭ ፈቱ፤ ቴስተሩን በምሰሶውና በተፈታው ገመድ መካከል አስገቡ። «ከአሁን ወዲያ ቁልፍ የሚያዞር ሰው የለም» አሉ። ሞቶሪኖ ከመቶ አምፔር በላይ ስለሚጠይቅ የቴስተሩ ፊውዝ በአንድ ቀጭታ ይቃጠላል። የበሩን መዝጊያ በካቻቪቴ ገፍተው መኪናዋ የተዘጋች እንዲመስላት ካደረጉ በኋላ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ፤ ኮምፒውተሩ እስኪተኛ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ግድ ነው።

ሳይንስ እዚህ ላይ ከማኅበራዊ ኑሮ ጋር ተጋጨ። መኪናዋ ልትተኛ ስትል አንድ ልጅ በሩን ከፍቶ «አባባ ምን እየሠራችሁ ነው?» አለ። ጣሪያዋ በራ፣ ቁጥሩ ዘለለ፣ ግማሽ ሰዓቱ ከዜሮ ተጀመረ። ቀጥሎ ጎረቤት «እስቲ ሬዲዮው ይሠራ እንደሆን» ብሎ እጁን ሰደደ። ከዚያ ቡና ተፈላ። ቴስተሩ በመጨረሻ ሲረጋ 0.3 አምፔር አነበበ፤ ከሚፈቀደው ስድስት እጥፍ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀላል ነበር። አባትዬው ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩን አዩ፤ ካልወረደ ፊውዙን ወደ ቦታው መልሰው ቀጣዩን ጠሩ። ክላክሱ ተጠየቀ፣ ንጹሕ ነው። ፍሬቻው ንጹሕ። ሬዲዮው ያለበት ፊውዝ ሲነቀል ቁጥሩ 0.02 ላይ ወደቀ። ጉባኤው ሬዲዮውን ሊያወግዝ ሲነሣ አባትዬው ፊውዙን መልሰው የሬዲዮውን ሶኬት ነቀሉ፤ ቁጥሩ ተመልሶ 0.3 ሆነ። ከሬዲዮው ሽቦ ላይ ተቀጥሎ ከዳሽቦርዱ ሥር የሚገባ ሌላ ሽቦ ነበረ። ሲከተሉት በጥቁር ስኮች የተጠቀለለ ሳጥን ወጣ፤ የቀድሞው ባለቤት ያስገጠመው የሌባ ማስጠንቀቂያ። ጩኸቱ ከተነቀለ፣ ሪሞቱም ከጠፋ ዘመን አልፏል። ሳጥኑ ግን ሥራውን አልለቀቀም፤ በውስጡ የተጣበቀ ሪሌ ይዞ፣ የማይመጣ ሪሞት እየጠበቀ፣ ሌሊቱን ሁሉ ነቅቶ ያድር ነበር። በግቢው ሌሊቱን ሳይተኛ የሚጠብቅ አካል መገኘቱን ዘበኛው በፈገግታ ተቀብሎታል።

አውጫጭኝ ሁልጊዜ ይሳካል አንልም። ፊውዞቹ ሁሉ ተነቅለው ቁጥሩ ካልወረደ ዲናሞው ይጠረጠራል፤ በወፍራም ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ስለሚገናኝና ውስጡ ያለ ዳዮድ ከተበላሸ ሌሊቱን ወደ ኋላ ስለሚያፈስስ። አንዳንዴ ደግሞ ሌባ የለም፤ ምሰሶው ላይ የበቀለው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ነው የሚከለክለው፤ ሶዳ በጥብጦ በሙቅ ውሃ ማጠብ ይበቃል።

ይህ የሞተ ባትሪ ዘርፍ ወደፊት ይከስማል ብለው የሰጉ አሉ። መንግሥት በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ መንገዱን የኤሌክትሪክ መኪና እየሞላው ነውና። ስጋቱ መሠረት የለውም። የኤሌክትሪክ መኪናም ከትልቁ ባትሪ ሌላ 12 ቮልት የምትሰጥ ትንሽ ባትሪ አለችው፤ እሷ ከሞተች ትልቁ እስከ አፉ ሞልቶ መኪናው አይነሣም፤ አንዳንዱማ በሩንም አይከፍትም። እሱንም ገፍቶ ማስነሣት አይቻልም። ጎረቤት ግን መግፋቱ አይቀርም።

የኮሮላዋ ባለቤት ሳጥኑ ከወጣ በኋላም ዘበኛውን ይቅርታ አልጠየቁም፤ «ለማንኛውም» ብለው አዲስ ባትሪ ገዝተዋል። ቴስተር የያዘ ሰው ለማታገኙ አንባቢዎች የምንመክረው ይህን ነው፦ መኪናዋን ለቀናት የምታቆሟት ከሆነ ኔጋቲቩን ፈትታችሁ ግቡ። ለቶዮታ 10 ቁጥር ቁልፍ በቂ ነው፤ ሰዓቱና የሬዲዮው ጣቢያ ይጠፋሉ፣ ባትሪው ግን ይቆያል።