ዱቲ ነኝ፣ ዱቲ ፍሪ ነኝ

አሶሳ ላይ «ዱቲ» የማይል የለም፤ ልዩነቱ ከማን አፍ እንደሚወጣ ነው። ነርሷ «ዛሬ ዱቲ ነኝ» ካለች ሌሊቱን በእግሯ ቆማ ልታነጋው ነው። ባለሀብቱ «ዱቲ ፍሪ ነው» ካለ ደግሞ መኪናው ቀረጥ ሳይከፈልበት ገብቷል። የመጀመሪያዋ እያዛጋች ትናገረዋለች፤ ሁለተኛው ደረቱን ነፍቶ።

በሕግ የተፈቀደ ማበረታቻ ነውር የለበትም። ነገር ግን ለእርሻ ተብሎ የገባ ፒካፕ ማሳ ሳይረግጥ ከተማ ለከተማ ሲንሸራሸር ማየት ብርቅ አይደለም። ማሳውን ፈልጎ ለሄደ ሰው አንዳንዴ የሚጠብቀው የተተከለ ታፔላ ብቻ ነው።

ለቤኒሻንጉል ምድር መገበር አዲስ ነገር አይደለም። የአካባቢው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ለአፄ ምኒልክ የሚገብሩት ወርቅ ነበር። ዛሬ የታክሲ ረዳት «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ የሚጣራበት የአዲስ አበባ ሰፈር በእሳቸው ስም የተጠራ ነው። የዛሬው ወርቅ ግን ጠባዩ ተለውጧል። በባህላዊ መንገድ የተመረተው ለብሔራዊ ባንክ እንዲቀርብ ደንቡ ያዛል፤ እሱ ግን ከፊሉ በኮንትሮባንድ መንገድ ድንበር ማቋረጥ ይወዳል።

ወርቅ የሌለን ሰዎችስ? እኛም የድርሻችንን እንሞክራለን። ሱቅ ገብተን ዋጋ ስንጠይቅ ባለሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይለናል። «ያለ ደረሰኝ ስንት ትለዋለህ?» እንላለን። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እዚያው መደርደሪያ ሥር ይቀበራል። ባለሱቁ «ለአንተ ስል ነው» ይላል፤ እኛም «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን እንወጣለን። እንግዲህ ሁለታችንም ያለ አዋጅ ዱቲ ፍሪ ሆነናል።

ማታ ቡና ላይ ስንቀመጥ ደግሞ ሌላ ሰው ነን። መንገዱ ለምን ተቆፍሮ ቀረ? ውሃው የት ሄደ? መብራቱስ? መንግሥት ግዴታውን አልተወጣም እያልን ሦስተኛውን እንጠጣለን። የቀኑን ደረሰኝ የሚያነሳ ግን አይገኝም።

እኩለ ሌሊት ላይ ሆድ ቁርጠት ሲነሳ ነው ጉዱ። ያለ ደረሰኝ ገዥው ሆዱን ይዞ ሆስፒታል ይደርስና፣ «ዱቲ ላይ ያለው ሐኪም የት አለ? ምን ዓይነት ኃላፊነት የጎደለው አሠራር ነው!» እያለ ኮሪደሩን ያናውጠዋል። ሐኪሙ የዱቲ ክፍያው ዘግይቶበት ሊሆን ይችላል፤ ታማሚው ግን ያንን ክፍያ ከራሱ ደረሰኝ ጋር አያገናኘውም።

ሁሉም ዱቲ ፍሪ ልሁን ባለበት ከተማ ዱቲ የሚገባ ሰው ከየት ይመጣል? መንግሥትም የሰበሰበውን የት እንዳደረሰው የመናገር ዱቲ አለበት፤ ያንን ጠንክሮ የመጠየቅ አንደበት የሚኖረው ግን የከፈለ ሰው ነው። ስለዚህ ወዳጄ፣ ነገ ባለሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጠይቅህ፣ አንተ ድምፅህን ከፍ አድርገህ «በደረሰኝ!» በለው።