ማረፊያውን ገና አላዋጣንም

ለተከበራችሁ የአየር መንገድ ሥራ አስኪያጆች፣ በያላችሁበት፤

እኛ የናይሮቢ ኢስትሊ እቁብተኞች ነን። በእቁባችን ሱቅ ከፍተናል፣ ልጅ ድረናል። ዘንድሮ ግን የጎረቤታችን ልጅ «ፓይለት ልሁን» አለና ዕጣው ወደ ሰማይ ወጣ። ዊልሰን ኤርፖርት ሄደን ዋጋ ጠየቅን። የንግድ አብራሪ ፈቃድ 200 ሰዓት ያህል በረራ ይፈልጋል፤ ሰዓቱም እንደ ጫት እስር እየተቆጠረ ይሸጣል። እናትየው የጆሮዋን ወርቅ ፈታች። የመጀመሪያው ዕጣ ልጁን ከመሬት አስነሣው፤ ማረፊያውን ገና አላዋጣንም።

ይሁን፣ ፈቃዱን አገኘ እንበል። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ልምድ የሌለው ረዳት አብራሪ ለአየር መንገዱ እየከፈለ የሚበርበት አሠራር እንደነበረ ሰማን። ተሳፋሪው የኋላውን ወንበር ይገዛል፣ ረዳት አብራሪው የፊቱን። የፊቱ መስኮት ሰፊ ስለሆነ ይሆናል።

የማታቱ ታክሲ ሹፌርስ መንጃ ፈቃዱን በራሱ ገንዘብ አይደል ያወጣው? ትሉናላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን በ6 ቁጥር ማታቱ ሰው ጭኖ ሲነዳ ሒሳብ ክፈል ያለው ባለቤት እስካሁን አላየንም።

ሰፈራችን ጥግ ያለው የአየር ኃይል ጣቢያ፣ የኢምባካሲ ኤርፖርት እ.ኤ.አ. በ1958 እስኪከፈት ድረስ የናይሮቢ ዋና ኤርፖርት ነበር። የአየር ኃይል አብራሪ ለነዳጅ ሳንቲም አያወጣም፤ የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው፣ ሱቅ በገባን ቁጥር እኛም ጭምር። ያ አብራሪ መለዮውን አውልቆ ሲመጣላችሁ «ማን አስተማረህ?» ብላችሁ ደረሰኝ አትጠይቁም።

«ብናስተምራቸው የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ይነጥቁናል» ትላላችሁ። እዚህ አስተናጋጅ ሲነጠቅ ደመወዝ ይጨመራል እንጂ ሰሃን መሸከም የተማርሽበትን ክፈይ አይባልም።

አገር ቤት ሌላ መንገድ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ መሪው በአሜሪካውያን እጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ያዙት። ዛሬ አዲስ አበባ ባለው ትምህርት ቤቱ በራሳቸው ከፍለው የሚማሩ ቢኖሩም፣ ለራሱ የሚመለምላቸውን ግን ወጪያቸውን ችሎ ያስተምራል፤ በዋስ አስፈርሞም በአገልግሎት ያስመልሳል። ዋስ ፍለጋ መንከራተቱን ማንም አይወደውም። ሥርዓቱ ግን ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በእቁብም ቀድሞ የደረሰው ዋስ ጠርቶ ይወስዳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይከፍላል።

ስለዚህ እቁባችን ውስጥ ግቡ። የመጀመሪያውን እናንተ ጣሉ፤ ልጁ ከደመወዙ እየቆረጠ ይመልሳል፤ ዋስ እኛ እንሆናለን። የእቁቡ ዳኛ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሰባተኛ ጎዳና ቡና ቤት ይገኛሉ።

ልጁ ስልሳኛው ሰዓት ላይ ቆሟል።