መሪው ከፊት፣ ግፉ ከኋላ

የሙኒኩ ቢኤምደብሊው ለብዙ ዘመን የኖረበት ሕግ ቀላል ነበር። የፊት ጎማ ይመራል፣ የኋላ ጎማ ይገፋል። መሪ የያዘ ጉልበት አይጠየቅም፤ ጉልበት ያለው መሪ አይመኝም። በ2014 እ.ኤ.አ. ግን ኩባንያው ባለ 2 አክቲቭ ቱረርን አወጣና በራሱ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ መምራቱንም መጎተቱንም ለፊት ጎማ ጠቅልሎ ሰጠ። በ2019 ትንሿ ባለ 1 ተከተለች። ከሞተር እስከ ኋላ ይዘረጋ የነበረው ዘንግ ወጣ፣ ወጪ ቀነሰ፣ ውስጡ ሰፋ። የኋላ ጎማዎችስ? አሉ። እንደ ወትሮው ጭነት ይሸከማሉ፣ ፊተኞቹ ወደሄዱበት ይንከባለላሉ። ከመሃል ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ነው የጠፋው።

የሚደንቀው የደንበኛው ነገር ነው። በ2010 የኩባንያው የበላይ ኃላፊ የነበሩት ኖርበርት ራይትሆፈር፣ ከባለ 1 ነጂዎች 80 በመቶው መኪናቸው በፊት ጎማ የምትሄድ ይመስላቸዋል ብለው ነበር። ያኔ እኮ የምትሄደው በኋላ ጎማ ነው! ዓይን ሁሉ መሪው ላይ ስለነበረ ሲገፋ የኖረውን ያየው የለም። ኩባንያውም ለነጂው ከማስረዳት ይልቅ፣ ካላወቀውማ ይቅርበት አለ። ብልህ ነጋዴ ነው፤ እንዲህ ያለ ብልሃት ደግሞ በጀርመን ብቻ አይበቅልም።

አርባ ምንጭ ላይ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ሽቅብ የሚወጣውን ባጃጅ ተመልከቱ። ፊት ያለው አንድ፣ ኋላ ያሉት ሁለት። አንዱ ይመራል፣ ሁለቱ ይገፋሉ። ሙዝ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚበረው አይሱዙም የሚገፋው በኋላው ነው፤ ጭነቱ በከበደ መጠን የኋላ ጎማው መሬቱን አጥብቆ ይይዛል። በፊት ጎማ የምትሄደውን የቤት መኪና ግን አምስት ሰው ጭናችሁ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥታችሁ በዶርዜ በኩል 2,700 ሜትር ገደማ ወዳለችው ጨንቻ አቅኑ። ሜዳው ላይ ንግሥት ናት። ዳገቱ ሲጀምር ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ፊት ያለው ይቀልላል። የቀለለ ደግሞ ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም። ከዋናው መንገድ ወጣ ብላችሁ የክረምት ጭቃ ካገኛችሁ ነገሩ ያው ነው፤ "አባቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እናንተ ውረዱና ግፉ!" ይባላል። አንዴ ቢሆን ምን አለበት። በየመታጠፊያው ግፉ ሲበዛ ግን ሰው ያጉረመርማል፤ ከተሳፋሪው መካከል ቅኔ የሚቀናው አይጠፋምና፣

ዳገቱ ላይ ሲደርስ መሪው ዞሮበት፣
ከኋላ የቆመው ግፉ በዛበት።

የድሮ ሹፌሮች ለእንዲህ ያለው ዳገት መላ አላቸው፤ መኪናዋን አዙሮ በኋላ ማርሽ መውጣት። እውነትም ይሠራል። ፊቱን ወደ ቁልቁለት የመለሰው ሹፌር "እየወጣን ነው" ይላል፤ ተሳፋሪው በመስኮት ሲያይ የመጣበትን መንገድ ነው የሚያየው። ሁለቱም አልዋሹም።

የዚሁ ዳገት አገር ሰዎች፣ ጋሞዎች፣ በዚህ ምሕንድስና ሙኒክን ይቀድማሉ። ዱቡሻ በሚባለው መሰብሰቢያ ተቀምጦ የሚመክረው ሕዝቡ ነው፤ ሹሙን፣ ሀላቃውን፣ የሚመርጠውም እሱ። ግፊቱ ከኋላ፣ መሪው ከፊት። በዶርዜ ሀላቃነት ድግስ ነበረበት፤ ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ የታጨው ሰው ሲሸሽ ተይዞ የሚሾምበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ሹመት ሽሽት የተደበቀ ሰው ካያችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ፤ ድግሱን እኔ እችላለሁ።

ፊት መሆን ደግሞ ለመጎተት ብቻ አይደለም። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚመጣ ዋናውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። መስከረም 2011 ዓ.ም. ጋሞዎች ከተጎዱበት ከቡራዩው ጥቃት በኋላ ለበቀል የወጣውን ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ፊቱ ተንበርክከው አቆሙት። ተንበርክኮ የሚያቆም መሪ እስካሁን የሠራ ፋብሪካ አላውቅም።

አሁንማ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ ወሬው ሁሉ የኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኳን የሚያመሰግናት ሁሉ አንድ ነገር ይላል፤ ድምፅ ሳትሰጥ ትሄዳለች። ተሳፋሪው ለምዶታል።

ሙኒክም ብትሆን ሁሉንም አልለወጠችም። የፊት ጎማ ጎታችነት የመጣው በትንንሾቹ ላይ ነው። ባለ 3፣ ባለ 5 እና አለቆች የሚሳፈሩባት ባለ 7 ዛሬም በፊት ጎማ ብቻ አይሄዱም፤ የኋላ ጎማ ይገፋቸዋል። ባለ 7 ውስጥ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ሰውዬ ማን እንደሚገፋው ጠንቅቆ ያውቃል። ጭቃው ላይ "ውረዱ" ሲባል ሁሉ ሲወርድ፣ የማይወርደው እሱ ብቻ ነው።