ጉዳይ የሌለው መንገደኛ

ድሮ ሰው ደብረ ብርሃን የሚሄደው ወይ ለቅሶ ሊደርስ፣ ወይ እህል ሊሸምት፣ ወይ ክስ ሊከራከር ነበር። ጉዳይ ነበረው ማለቴ ነው። አሁን የልጅ ልጄና ጓደኞቹ መንገዱ ሰላም በሆነበት እሑድ ጎህ ሳይቀድ ከኮተቤ ይነሡና 130 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ነድተው፣ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ አንድ ማኪያቶ ጠጥተው፣ ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ። ማንን ጠየቃችሁ? ማንንም። ምን ገዛችሁ? ምንም። ታዲያ ለምን ሄዳችሁ? «አባባ፣ ለመንዳት ነዋ!» ይህን መልስ ሰምቶ ደሙ የማይፈላ ሽማግሌ ካለ እግዜር ዕድሜውን ያርዝምለት።

ይህን የማወራው ቤቴ ተቀምጬ፣ በወሬ ሰምቼ አይደለም። ልጄ ከኋላቸው በመኪና ይከተላቸዋል፤ እኔን ደግሞ «አባባ መንገዱን ያውቃል» ብለው ከፊት ወንበር ያስቀምጡኛል። ስለ መንገዱ ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሥራዬ ሙዝ መያዝ ነው። በመስኮቱ እጅ ይዘረጋል፣ ሙዝ አቀብላለሁ፣ እጁ ይሄዳል። ሰው ያስታረቅሁ፣ ለሽምግልና የምጠራ ሰው ነበርኩ። በዚህ ዕድሜዬ የሙዝ ግምጃ ቤት ሆንኩ።

ስለ ልብሱ ባልናገር ደስ ይለኛል፤ ግን ማን ዝም ያሰኘኛል? ገላ ላይ የተለጠፈ ነገር ነው። ደርዙ ሁሉ ይታያል፤ መቀመጫው ላይ ደግሞ ስፖንጅ አለው። የልጅ ልጄ ይባስ ብሎ የእግሩን ፀጉር ተላጭቷል። ምነው ልጄ ብለው፣ «ነፋስ ይቀንሳል» አለኝ። በደብረ ብርሃን ሜዳ የሚነፍሰውን ነፋስ በእግር ፀጉር ሊሸነግለው! ያገሬው ሰው በጥቅምት ውርጭ በርኖስ ደርቦ እንኳ ትከሻውን ሰብስቦ የሚሄድበት አገር ነው። ጫጫ ላይ አንድ ባላገር ዱላውን በትከሻው አጋድሞ እየተንፏቀቁ ዳገቱን ሲወጡ ሲያያቸው ቆየና ወደ መስኮቴ ጠጋ አለ።

«አባቴ፣ እነዚህ ልጆች ማን አባሯቸው ነው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው?»

ምን ልበለው? ሙዝ ሰጠሁት።

ብስክሌቱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። በሁለት ጣቱ አንሥቶ አሳየኝ፤ ካርቦን ነው አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ካልሰማሁት መሰለኝና አስደገምኩት። ዕቃው በቀለለ ቁጥር ዋጋው የሚከብድበት ንግድ ምን ዓይነት ንግድ ነው? የኛ ዘመን ሳይክል ከባድ ነበር፤ ኮርቻው ሰው ይጭናል፣ ከኋላው ኩንታል ይጭናል፣ ካላማዳሪው የተለጠፈበት ቦታ ከደኅነኛው ቦታ ይበልጣል፣ ግን ይሄዳል። የዛሬው አንድ ጆንያ ድንች እንኳ የሚጫንበት ቦታ የለውም። ምግባቸውም እንዲሁ ነው። ከትንሽ ከረጢት እንደ ጥርስ ሳሙና ጨምቀው የሚውጡት ነገር አላቸው። በገብስ አገር እየነዱ! በሶ በጥብጠህ ጠጣ፣ ጭኮ ያዝ፣ በሸኖ ስታልፍ ደግሞ ቅቤው አለልህ ብለው፣ «አባባ፣ ሆድ ይከብዳል» አለኝ። ሆድ ካልከበደ ምኑን ሆድ ሆነ?

መንገዱ ራሱ መልካም ነው፤ ለመንገዱ ክፉ አልናገርም። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ከአዲስ አበባ አስመራ ብሎ የዘረጋው መንገድ ነው፤ በኋላ ስንቴ እንደታደሰ ያየነው ነው። ሰንዳፋን ካለፉ በኋላ አገሩ ይከፈታል። ተራራ የሚባል የለበትም፤ ሜዳም አይደለም። ትወጣለህ፣ ትወርዳለህ፣ አለቀ ስትል ሌላ ጉብታ ይመጣል። እንዲህ እያባበለ ነው ከ2,800 ሜትር በላይ የሚያደርስህ። ግራና ቀኙ ገብስና ስንዴ ነው። የድንጋይ ካብ አጥር፣ በየደጁ የተከመረ ኩበት፣ ባለ ጋሪዎች፣ የሚያቋርጥ የበግ መንጋ። መንገድ ዳር ያሉት ሕፃናት ገና ከሩቅ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ። የውኃ መያዣውን ከብስክሌቱ ላይ ሲያዩ ባዶው ለነሱ የታሰበ ይመስላቸዋል። የልጅ ልጄ ግን ያንን መያዣ ከውጭ ያስመጣው ስለሆነ አይሰጥም። ንፉግ!

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ወደ ሸኖ ሲቃረቡ ያለው አገር የሰገሌ አገር ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አሰልፈው በሰገሌ ሜዳ ከሸዋ ጦር ጋር ገጠሙ። በሸዋ በኩል ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና ራስ ተፈሪ ነበሩ። ቀደም ብሎ ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድን የሚያህል ሰው ወድቋል። በዚያች በሰገሌ ቀን የኢትዮጵያ ዙፋን የማን እንደሚሆን ተወሰነ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ምን ያህል የሸዋና የወሎ እናት ልጅ እዚያ ቀረ! እኔ በመስኮት ያንን ገብስ እያየሁ ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ የልጅ ልጄ ከጎናችን ደረሰ፤ ፊቱ በርቷል።

«አባባ! ነገሥኩ!»

«ምን?»

«ይቺን ዳገት ከሁሉም ፈጥኜ ወጣሁ። ንጉሡ እኔ ነኝ!»

ለካ ስትራቫ የሚሉት አለ። በስልክ ነው የሚሠራው። ዳገቱን ከማንም ፈጥኖ ለወጣ ሰው ምናባዊ ዘውድ ይደፋለታል፤ ነገ ሌላው በአንድ ሴኮንድ ከበለጠው ይሻርና ዘውዱ ለዚያ ይሰጣል። እውነተኛ ንጉሥ በተማረከበት ሜዳ ስልክ አንጋሽ ሆነ! ደግሞ ሹም ሽሩ እንዴት ይፈጥናል? የልጅ ልጄ እሑድ ነግሦ ማክሰኞ ወረደ። ያወረደውም የባንክ ሠራተኛ ነው አሉ። ሦስት ቀን ምግብ አልበላ አለን።

ጫጫ ላይ ደግሞ አስቁሜአቸው ነበር። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ አንጎለላ አለላችሁ፤ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱበት፤ ኑ ላሳያችሁ አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንደኛው በትሕትና፣ ትሕትናውስ አለው፣ «አባባ፣ ጥርጊያ መንገድ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ። «ጎማችን አይችልም።» በቃ። የዐድዋ ድል አድራጊ የተወለዱበትን አገር እንዳናይ የከለከለን የአውራ ጣት ውፍረት የሌለው ጎማ ነው። ድሮ እምቢ የሚል በቅሎ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ሲመቱት ይሄዳል።

ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ደግሞ የባሰ አለ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ብሎ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ሠራ፣ ከተማም ቆረቆረ። ነገሥታቱ ከድንኳን ወደ ድንኳን በሚዞሩበት ዘመን እሱ እስኪሞት ድረስ ከተቀመጠበት አልተነሣም። እነዚህስ? ማኪያቶው እስኪቀርብ እንኳ መቀመጥ አቅቷቸዋል፤ «ሰውነት ይቀዘቅዛል» ይላሉ። እንደምንም ብዬ ሥላሴን እንዲሳለሙ አሳመንኳቸው። የልጅ ልጄ ስልኩን አውጥቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ምን ጠፋህ ብለው፣ «መላእክቱ የሉም!» አለኝ። በስልኩ ያለው ሥዕል እነዚያ ክንፍ ያላቸው ፊቶች በረድፍ የተደረደሩበት ጣሪያ ነው፤ የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ! ልጄ፣ ያ ጎንደር ነው፤ ይሄ ሸዋ ነው፤ ይሄኛውን ያሠሩት ምኒልክ ናቸው አልኩት። «እሱስ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አለኝ። መንዳት አሰበ ማለት ነው። ዝም አልኩ፤ ጎንደር ድረስ ሙዝ ሊያስይዘኝ ነው።

ስፖርቱን እንኳ ቢያውቁት ባልከፋኝ። ፖጋቻር የሚባለው የፈረንጅ ብስክሌተኛ ቁርሱን ምን እንደበላ ያውቃሉ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞች እንደነበሯት ብጠይቃቸው ግን አንዱም አያውቅም። ስለ ገረመው ደንቦባ ማን ይንገራቸው? በሜልበርንም፣ ከዚያ በኋላ በሮምም የነዳ ሰው ነው። ከአበበ ቢቂላ በፊት ባንዲራችንን ኦሎምፒክ ላይ ያሰለፉት እነሱ ናቸው፤ ሲወሳ የሚሰማ ግን የለም። የመቀሌውን ጽጋቡ ግርማይንስ ያውቁታል፤ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ የገባው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነውና፣ ፎቶውን የልጅ ልጄ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ለዚህ ብቻ ምስጋና አለኝ።

ሲመለሱ ነፋሱ ከፊት ነው። ያኔ ወሬው ሁሉ ይቆማል፤ አንገታቸውን ደፍተው አንዱ ካንዱ ኋላ ተጠግቶ ይነዳሉ፣ ከፊት ያለው ሲደክም ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሌላው ይተካዋል። ማንም ማንንም አያዝም፤ ግን ተራ አይዛነፍም። ይቺን ብቻ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ባያት ደስ ይለኛል። እንዲያ ሲሄዱ ነው ያ ቀይ ሽብር የተባለው ሲኖ ትራክ አሸዋውን ጭኖ የሚመጣው። ጥሩምባውን ሳያሰማ፣ ክንዳቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ያልፋል። አልቃይዳ የምንለው አይሱዙም ከሱ ላለማነስ ይከተላል። ልጆቹ ከነብስክሌታቸው ይወዛወዛሉ። እኔ መኪናው ውስጥ በማርያም ስም እጮሃለሁ፤ ልጄ መሪውን አጥብቆ ይይዛል፤ ሙዙ ከጭኔ ላይ ይረግፋል።

እንግዲህ ስሞታዬ ለናንተ ነው፣ በደብረ ብርሃን መንገድ አሸዋና ሲሚንቶ የምታመላልሱ ሹፌሮች። ልጆቹ ጉዳይ የላቸውም፤ እሱን እኔም ነግሬአቸዋለሁ፤ አይሰሙም። ስትደርሱባቸው ፍጥነት ቀንሱ፣ ጥሩምባ ከሩቅ አሰሙ፣ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብላችሁ እለፏቸው። የኔው ቀይ ቆብ ያደረገው ነው። ጉዳይ ባይኖረውም የሚጠብቀው ሰው አለ።