የብሎክ 27 ሪፐብሊክ፦ አመሠራረቱ፣ ተቋማቱና የደረጃው ማስታወቂያ

የብሎክ 27 ሪፐብሊክ ጂ+4 ከፍታ ያለው፣ ሊፍት የሌለው ሉዓላዊ አገር ነው። በሰሜን በብሎክ 26፣ በደቡብ በመኪና ማቆሚያው፣ በምሥራቅ በቆሻሻ ገንዳው፣ በምዕራብ ደግሞ ማን እንዳጠረው በማይታወቅ የጎመን መደብ ይዋሰናል። በካርታ ላይ አይገኝም። የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን የራሱ አገር መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም።

የአገሩ ታሪክ በሦስት ዘመናት ይከፈላል። የመጀመሪያው ዘመነ ዕጣ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተመዘገበው ሕዝብ ስሙ በጋዜጣ እስኪወጣ የጠበቀበት ዘመን ሲሆን፣ በዚሁ ዘመን አግብቶ፣ ወልዶ፣ ልጅ ለትምህርት ቤት ያደረሰ ብዙ ነው። ሁለተኛው ዘመነ ርክክብ፣ ሦስተኛው ዘመነ መዶሻ ይባላል። በዘመነ መዶሻ እያንዳንዱ ዜጋ ግድግዳ አፍርሶ ሌላ ግድግዳ ሠርቷል። ዘመኑ አብቅቷል የሚሉ ጸሐፍት እሑድ ጠዋት በሕንፃው ውስጥ ተኝተው የማያውቁ ናቸው።

ይህን ሁሉ ሕዝብ አገር ያደረገው ጥማት ነው። ውሃ በፈረቃ፣ ያውም በሌሊት ሲመጣ የምድር ቤቱ ይቀዳል፤ የአራተኛ ፎቁ ቧንቧው ሲያፏጭ ያዳምጣል። ስለዚህ ሞተርና ሮቶ ለመግዛት ጉባኤ ተጠራ። “ሰብሳቢ ማን ይሁን?” ብለው የጠየቁት ጡረተኛ ወዲያው በጭብጨባ ተመረጡ። “ጤናዬ አይፈቅድልኝም” ማለታቸው በቃለ ጉባኤው ላይ እንደ ቃለ መሐላ ተይዟል። እስከ ዛሬም የሚተካቸው አልተገኘም።

የሕግ መሠረቱ የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። በአዋጁ መሠረት ከየሰዉ ቤት ውጭ ያለው የሕንፃ ክፍል የጋራ መጠቀሚያ ይባላል። የአገሩ ሊቃውንት አንቀጹን ሲተረጉሙት፣ መጠቀሙ የእኔ፣ መጠገኑ የጋራ ይሆናል።

ሕዝቡ ባለቤት፣ ወኪልና ተከራይ ተብሎ ይመደባል። ባለቤት ድምፅ አለው፤ ነገር ግን ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ነው። ወኪል የባለቤቱ አክስት ናት፤ በስብሰባ ላይ “እነግረዋለሁ” ከማለት ያለፈ ሥልጣን የላትም። ተከራይ ይከፍላል፣ ደረጃ ያጥባል፣ ሮቶ ይጠብቃል፤ እጁን ሲያወጣ ግን “አከራይህ ይምጣ” ይባላል። መከላከያ፣ ጉምሩክና ኢሚግሬሽን በአንድ ዘበኛ ተጠቃልለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ተቋም እንለፍ፤ እርሱም በአንደኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ነው። አምስት ዝርያዎች ተለይተዋል።

አንደኛው ልመና ነው። “ውድ የብሎካችን ነዋሪዎች” ብሎ ይጀምራል፣ በኮምፒውተር ይጻፋል፣ በአራቱም ማዕዘን ፕላስተር አለው። ማንም አንብቦት አያውቅም። ሁለተኛው ማሳሰቢያ ሲሆን “ውድ” የሚለው ወድቋል። ሦስተኛው ጥብቅ ማሳሰቢያ በእጅ፣ በቀይ ማርከር ይጻፋል፤ ከሦስት ያላነሰ ቃለ አጋኖ ይኖረዋል።

አራተኛው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህ ዝርያ እንደ ስሙ አይደለም፤ ይዋለዳል። አንዱ የመጨረሻ በሌላው የመጨረሻ ላይ ስለሚለጠፍ፣ የንብብሩን ውፍረት በጣት ዳስሶ የሞተሩን ብልሽቶች ቅደም ተከተል መናገር ይቻላል።

አምስተኛው የውዝፍ ዕዳ ዝርዝር ነው፤ ጠለቅ ያለ ጥናት የሚሻውም እርሱ ነው። በሕንፃው ሁሉም ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ይህ ብቻ ነው። አንባቢው ስልክ የሚያወራ መስሎ ይቆማል፣ መጀመሪያ የራሱን ቤት ቁጥር ይፈልጋል፣ ካጣው በኋላ የጎረቤቱን ተረጋግቶ ያነባል። የዝርዝሩ ዕድሜ አንድ ሌሊት ነው። ወረቀቱ ግን ሙሉ በሙሉ አይቀደድም፤ አንዲት መስመር ብቻ በጥፍር ትፋቃለች። ፋቂው ከቤት ቁጥር 15 ቀጥሎ 17 እንደሚነበብ አላሰበበትም። ዕዳውን ሦስት ሰው ያውቅ የነበረ እንደሆነ በማግሥቱ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል።

ሪፐብሊኩ ፓርላማ የለውም የሚሉ የኅዳጉን ጽሑፍ አላዩም። “በደረጃ ላይ ጫማ ማስቀመጥ ክልክል ነው” ከሚለው ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ “መጀመሪያ አምፖሉን ቀይሩ” ይላል። ከእርሱ ሥር በጥቁር፦ “መጀመሪያ ክፈል።” ከዚያም ሥር በሕፃን እጅ የተሣለ መኪና አለ፤ የየትኛው ወገን እንደሆነ አልታወቀም።

ጡረተኛው ሰብሳቢ፣ ጋሼ ሊቀመንበር፣ ይህን ሁሉ የሚለጥፉት በሚያማቸው ጉልበት ደረጃውን እየወጡ፣ ፕላስተሩን በጥርሳቸው እየቆረጡ ነው። በዚያው ግድግዳ ላይ የሐዘን ወረቀት የለጠፉ ቀን ግን ቃለ አጋኖ አያስፈልጋቸውም። ድንኳኑ ሳይተከል ወንበሩ ይወርዳል። የመስመሯ ፋቂ ሁለት ሁለት ተሸክሞ ይወርዳል፣ ተከራይ ሻይ ያፈላል፣ ወኪሏም ማንንም ሳትጠይቅ የባለቤቱን ቤት ለእንግዳ ማደሪያ ትከፍታለች። ለቅሶው ሲያበቃ “ሁለት ወንበር ጎድሏል!!!” የሚል ጥብቅ ማሳሰቢያ ይወጣል፤ አገሩም ወደ መደበኛ ሥራው ይመለሳል።

ቀጣዩ ምዕራፍ ስለ ግምጃ ቤቱ ሊሆን ታስቦ ነበር። ሆኖም ገንዘብ ያዧ መዝገቡን ከማሳየታቸው በፊት አጥኚው የሦስት ወር የሞተር መዋጮውን እንዲከፍል ስለጠየቁ፣ ጥናቱ እዚህ ላይ ተጠናቋል።